ጥቃቱን አሳዩን

ሰው የበቀል ፊልም የሚያየው ደም ማየት ስለሚወድ ነው ሲባል እሰማለሁ። ከመድረክም፣ ከሬዲዮም፣ ልጆቻቸው ስልክ ላይ ተጥደው ከሚያመሹባቸው ወላጆችም ሰምቼዋለሁ። አልቀበለውም። እኔ ተፍኪ ላይ፣ ከጅማው መንገድ ገባ ብሎ፣ ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ቪዲዮ ቤት ሳሠራ የኖርኩ ሰው ነኝ። ቪዲዮ ቤት የሚያሠራ ሰው ፊልሙን አንዴ ካየው በኋላ የሚያየው ተመልካቹን ነው። ማን ሳይከፍል እንደገባ፣ ማንን አግዳሚው ላይ እንቅልፍ እንደጣለው፣ ማን ከማን ጋር ሊጣላ እንደሆነ ሲጠባበቅ፣ ሰው የቱ ጋ እንደሚቁነጠነጥና የቱ ጋ ትንፋሹን እንደሚውጥ ሳያስበው ያውቃል።

ረጅሙ ተኩስ ሲጀመር ሰው ይወጣል። ሽንቱን ሊሸና፣ ሲጋራ ሊለኩስ፣ በር ላይ ከምትሸጠው ልጅ ቆሎ ሊገዛ ይወጣል። ጥቁሩ መጋረጃ ይገለጣል፣ ብርሃን ይገባል፣ ከኋላ "ዝጋው!" የሚል ጩኸት ይሰማል። አክተሩ ሲጠቃ ግን፣ ወንድሙ ሲገደል፣ እናቱ ስትዋረድ፣ ቤቱ ሲቃጠል፣ መጋረጃው ንቅንቅ አይልም። ውጭ የነበረውም ሮጦ ይገባል። ተመልካቹን ያመጣው የደም ጥማት ቢሆን ኖሮ መውጫና መግቢያው የተገላቢጦሽ በሆነ ነበር።

ቤቱ የጭቃ ቤት ነበር። ቴሌቪዥኑ በእንጨት ሳጥን ውስጥ ተቆልፎ ይቀመጥ ነበር፤ የቪኤችኤስ ዴኩ ከሥሩ ነበር። አንዱን ድምፅ ማጉያ ወደ መንገዱ አዙረን እንሰቅለው ነበር፣ አላፊ አግዳሚው ሰምቶ እንዲገባ። በር ላይ ባለው ሰሌዳ የፊልሙን ስም፣ የአክተሩን ስምና ሰዓቱን በጠመኔ እጽፍ ነበር። በገበያ ቀን ጤፉንና ሽምብራውን ሸጦ የመጣ ገበሬ፣ የአይሱዙ ረዳት፣ ከትምህርት ቤት የኮበለለ ልጅ በአንድ አግዳሚ ላይ ተጠጋግተው ይቀመጡ ነበር። እንግሊዝኛውንም ሂንዲውንም የሚሰማ አልነበረም። ፊት የሚቀመጥ አንድ ፈጣን ልጅ በኦሮምኛና በአማርኛ እየቀላቀለ "ይሄ ወንድሙ ነው፤ ያኛው ከድቶታል" ይል ነበር። ለቀሪው ትርጉም አያስፈልግም ነበር። ጥቃት በየትኛውም ቋንቋ ይገባል።

"ኮማንዶ" የመጣ ቀን ቤቱ ይሞላ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1985 የተሠራ ፊልም ነው፤ ሴት ልጁ የታፈነችበት ጡረተኛ ወታደር፣ አርኖልድ ሽዋዚንገር፣ ደሴት ላይ የሰፈረ ጦር ብቻውን ይፈጃል። ሰው ያጨበጭባል፣ ይስቃል፣ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ሳምንት ደግሜ ሳሳየው ግማሹ አግዳሚ ባዶ ነበር። "ኪክቦክሰር"ን ግን ሥዕሉ እየተንሸዋረረ፣ ካሴቱ እስኪያልቅለት ድረስ አሳይቼዋለሁ። አንዱን ፊልም አንዴ አይቶ የሚበቃው፣ ሌላውን ግን እየደጋገመ የሚከፍልበት ተመልካች አንድና ያው ሰው ነበር። ልዩነቱ ከፊልሞቹ ነው የመጣው።

"ኪክቦክሰር" እ.ኤ.አ. የ1989 ፊልም ነው። ሁለት ወንድማማቾች ወደ ታይላንድ ይሄዳሉ፤ ታላቁ ሻምፒዮን ነው፣ በራሱ ይተማመናል። ታናሹ፣ ቫን ዳም፣ ከውድድሩ በፊት ቶንግ ፖ የተባለው ተጋጣሚ የሲሚንቶ ምሰሶ በቅልጥሙ ሲመታና ልስኑ ሲረግፍ ያያል። ሮጦ ለወንድሙ ይነግረዋል። ወንድሙ አይሰማውም። ውጊያው ከፍቶ ታላቁ መቋቋም ሲያቅተው፣ ታናሹ "በቃ፣ ተሸንፈናል" ለማለት ፎጣ ወደ መድረኩ ይወረውራል። ቶንግ ፖ ፎጣውን በእግሩ ጠልዞ ያስወጣውና የተሸነፈውን ሰው ወገቡን ሰብሮ ሽባ ያደርገዋል።

ፊልሙ ያለው እዚያ ፎጣ ላይ ነው። ሽንፈት ብቻ ቢሆን ኖሮ ማንም ተፍኪ ላይ ደሙ አይፈላም ነበር፤ ሰው ይሸነፋል፣ ይነሳል። እዚህ ግን ሰውየው ደንቡን ጠብቆ እጁን ሰጥቷል፣ እጅ መስጠቱ ግን ከምንም አልተቆጠረለትም። የወደቀ አይመታም ተብሎ ያደገ ሰው ይህን ካየ በኋላ ከአግዳሚው መነሳት አይችልም፤ ነገሩ ሳይቋጭ ቤቱ ቢሄድ እንቅልፍ አይወስደውም። ከዚያ ወዲያ ፊልሙ ለረጅም ጊዜ ምንም አይገድልም። ልምምድ ነው። ሽማግሌው አሠልጣኝ ልጁን የዘንባባ ዛፍ በቅልጥሙ እያስመታ ያደማዋል፣ ኮኮናት ከላይ ሆዱ ላይ ይጥልበታል። ይህን ሁሉ ሰው በትዕግሥት ያያል። በማግስቱ የሰፈሩ ልጆች ባሕር ዛፍ ሲደበድቡ ይውላሉ፤ አንዲት እናት ልጇን ክንዱን ይዛ መጥታ፣ ሱሪውን ሰብስባ ያበጠውን ቅልጥሙን እያሳየች "ይሄን ቤት ወይ ዝጋው፣ ወይ ልጄን አታስገባብኝ" ያለችኝን አልረሳም።

መጨረሻው ውጊያ ላይ ደግሞ ወንድሙን አግተውበታል። ካሸነፈ ወንድሙ ይሞታል። ስለዚህ መምታት እየቻለ ይደበደባል፤ የጠላቱ እጅ ላይ በተጠቀለለው ገመድ የተጣበቀው የጠርሙስ ስባሪ ቆዳውን ሲቀደው ዝም ይላል። የእኔ ቤት ሰው ብድግ የሚለው ቡጢው ሲያርፍ ሳይሆን ከዚያ በፊት ነው፤ ወንድሙ ከእገታ ነጻ ወጥቶ ብቅ ሲል። ከዚያ በኋላ ያለውን ዱላ ግማሹ ቆሞ እየጮኸ በቅጡ እንኳ አያየውም።

ከዚህ የተረዳሁት የበቀል ፊልምን የሚያቆመው በቀሉ አለመሆኑን ነው። የሚያቆመው ጥቃቱ ነው፤ ጥቃቱም በቅርብ፣ በዝርዝር፣ ሳይቸኩሉ የታየ መሆን አለበት። በቀሉ ሂሳብ መዝጊያ ነው።

ስለ "ሾላይ" ሳልናገር ባልፍ የአዲስ አበባውን የሲኒማ ራስ ትውልድ መበደል ይሆንብኛል። ራሜሽ ሲፒ እ.ኤ.አ. በ1975 ያወጣው ይህ የህንድ ፊልም ተፍኪ የደረሰው በካሴት ነው። ታኩር የተባለው የመንደሩ ባላባት ከመጀመሪያው ሻል ተከናንቦ ይታያል። ሽፍቶቹ መንደሩን ሲወሩ፣ የቀጠራቸው ሁለቱ ጀግኖች አጣብቂኝ ውስጥ ገብተው ጠመንጃ እግሩ ሥር ወድቆ ሳለ አንስቶ አያቀብላቸውም። ቤቱ በስድብ ይናወጣል፤ "ፈሪ! ምን ዓይነት ሰው ነው?" ትንሽ ቆይቶ ታሪኩ ይገለጣል። የሽፍቶቹ አለቃ ጋባር ሲንግ የታኩሩን ቤተሰብ ጨርሶ፣ የእሱንም ሁለት እጆች ቆርጦበታል። ሻሉ ሲወድቅ ከትከሻው በታች ምንም የለም። ሲሰድበው የነበረ ሁሉ በአንድ ጊዜ አፉን ይዘጋል። ፊልሙ ተመልካቹ ራሱ የተጠቃውን ሰው እንዲበድል አድርጎታል፤ ስለዚህ ተመልካቹም ባለ ዕዳ ሆኖ ይቀመጣል። ከዚህ የበለጠ ብልሃት በየትኛውም የበቀል ፊልም አላየሁም።

በአካባቢያችን ብዙ ደም ያደረቁ፣ ጉማ በሚባለው የደም ካሳ ሽምግልና ላይ የተቀመጡ አንድ አዛውንት ነበሩ። ስማቸውን ጠርቶ የሚናገር አልነበረም፤ ሁላችንም ኦቦ ነው የምንላቸው። ልጃቸው አስገብቷቸው "ሾላይ"ን እስከ መጨረሻው አዩ። ሲወጡ እኔ ዘንድ መጥተው፣ "ልጄ፣ ይሄ ሰው እጁ እስኪቆረጥ ድረስ ሽማግሌ አልነበረም?" አሉኝ።

"ኦቦ፣ እሱ እኮ ፖሊስ ነበር። ሽፍታውን ይዞ አሳስሮት፣ ከእስር ቤት አምልጦ ነው የተበቀለው" አልኳቸው።

ጥቂት አሰቡና፣ "እንግዲያ መንግሥት ነበረ ማለት ነው። ያሰረውን መጠበቅ ሲያቅተው ነው ነገሩ የመጣው" ብለው ሄዱ።

የእሳቸው ጥያቄ እስከ ዛሬ የበቀል ፊልም ሳይ የማነሳው ጥያቄ ነው። በሩ ሁሉ መዘጋቱን አሳይተውናል ወይ? አንድ ሰው ዱላ ከማንሳቱ በፊት ያንኳኳቸው በሮች አሉ፤ ዳኛ አለ፣ ሽማግሌ አለ፣ ቄስ ወይም ሼህ አለ፣ ዘመድ አለ። እነዚህ አንድ በአንድ ሲዘጉበት ካላየን የምናየው ነፍሰ ገዳይ ነው። ሲዘጉበት ካየን ግን እጃችን ከእጁ ጋር ይነሳል። የ"ሾላይ"ን መጨረሻ በሚመለከት የታወቀ ታሪክ አለ። በመጀመሪያ የተቀረጸው ታኩሩ ጋባርን በእግሩ ረግጦ ሲገድለው ነበር። የህንድ ሳንሱር አልፈቀደም፤ ሕግን በእጅ ማስገባት ነው ተባለ። ስለዚህ ፖሊስ ደርሶ ሲያስቆመው ተደርጎ እንደገና ተቀረጸ፤ እኛ ያየነውም እሱን ነው። የእኔ ቤት ወጣቶች ፖሊሱን ሲያዩ ተናደዱ። ኦቦ ግን አልተናደዱም፤ እኔም ከእሳቸው ጋር ነኝ። ታኩሩ እጁን የቆረጠውን ሰው እጆች በጫማው ረግጦ አድቅቋቸዋል። የቀረው የመንግሥት ድርሻ ነው፤ ያ መንግሥት ደግሞ ቀድሞ የሸሸበትን ሥራ አሁን ይሠራል።

ይህ ነገር ለእኛ እንግዳ አይደለም። በኦሮሞ ሥርዓት የሰው ነፍስ ሲጠፋ ሽማግሌ መካከል ይገባል፣ የገዳይ ወገን ጉማ ይከፍላል፣ ሥርዓቱ ሲፈጸም ሁለቱ ወገኖች ዳግም ከአንድ ወንዝ ውኃ ይቀዳሉ። ገዳዩ ሰንሰለት አጥልቆ ገበያ ለገበያ እየዞረ የጉማውን ገንዘብ የሚለምንበት ልማድም ነበር። በመሃል አገርም በቀደመው ዘመን ነፍሰ ገዳይ ከተፈረደበት በኋላ ለሟች ወገን ተላልፎ ይሰጥ ነበር፤ ደም መላሹ ጦሩን ይዞ እንደቆመ እንኳ በዙሪያው ያለው ሰው "ደሙን በገንዘብ ተቀበሉ፣ ስለ እግዚአብሔር" እያለ ይለምን ነበር። እስከ መጨረሻዋ ቅጽበት ድርድር አለ። እንግዲህ እስቲ ይህን ቅጽበት ካሜራ ፊት አስቀምጡት። ጦር የያዘች እጅ፣ የሚለምን ሕዝብ፣ የምትወስን አንዲት እናት። ከዚህ የሚበልጥ የፊልም መጨረሻ ከየት ይመጣል?

ሚሼል ፓፓታኪስ ይህን አውቆ በ1960ዎቹ "ጉማ" የተባለውን ፊልም ሠራ፤ ዛሬ የሀገራችን የፊልም ሽልማት የሚጠራው በዚያ ፊልም ስም ነው። ሽልማቱ ስሙን በየዓመቱ ያስታውሰናል፤ ጉዳዩ ግን ካሜራችን ፊት ብዙ አልተመለሰም። የፍቅር ቀልዱ፣ ቪላው፣ የተከራየው መኪና ይበዛል። አልፎ አልፎ የበቀል ፊልም ሲሞከር ደግሞ ጀግናው ገና በአምስተኛው ደቂቃ ሽጉጥ ይዞ ይወጣል። አባቱ የተገደለበት ሰው ነው ይሉናል፤ አባትየውን ግን አላየነውም። ሲበላ፣ ሲቆጣ፣ በሬውን ስሙን ጠርቶ ሲያናግር ካላየሁት ለምን ልበቀልለት?

ይህ የገባው ሰው ኃይሌ ገሪማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣው "ምርት ሦስት ሺህ ዓመት" ሁለት ሰዓት ተኩል የሚፈጅ ጥቁርና ነጭ ፊልም ነው። አንድ የገበሬ ቤተሰብ ለባለ ርስቱ ያርሳል፤ ባለ ርስቱ ተቀምጦ ይቆጣል፣ ያዛል፣ ያዋርዳል። እረኛዋ ልጅ የጌታውን ላም ከጎርፍ አድናለሁ ስትል ውኃው ይወስዳታል። ክረምት ላይ አዋሽ ሞልቶ የተፍኪን ሜዳ ሲያለብሰው ያየ ሰው ይህቺን ትዕይንት ተቀምጦ ማየት ይቸግረዋል። በመጨረሻ መሬቱን የተነጠቀውና እብድ የተባለው ከበበ ባለ ርስቱን በዱላ ይመታዋል። ግድያው አጭር ነው። ከዚያ በፊት ያለው ውርደት ግን ረጅም፣ ዘገምተኛ፣ በየቀኑ የሚደጋገም ነው። ብዙ ሰው ይህን ፊልም የፖለቲካ ፊልም ይለዋል። ለእኔ በሀገራችን የተሠራ ከሁሉም የጠነከረ የበቀል ፊልም ነው፤ ምክንያቱም ዱላው ሲያርፍ ማንም ተመልካች ለምን ብሎ አይጠይቅም።

ስለ "ጆን ዊክ" ወጣቶቹ ሁልጊዜ ይጠይቁኛል። እ.ኤ.አ. በ2014 ሲወጣ ለአንድ ቡችላ ይህን ሁሉ ሰው መግደል ተገቢ አይደለም ያሉ ነበሩ። ቡችላዋ ግን የሞተችው ሚስቱ የመጨረሻ ስጦታ ናት፤ ከመሞቷ በፊት ብቻውን እንዳይቀር ብላ ከደብዳቤ ጋር ያዘጋጀችለት። ሰውየው ሊያዝን የቀረው አንድ ነገር ነበር፣ እሱንም ወሰዱበት። ሌላው ጥሩ ነገር፣ ዳይሬክተሩ ቻድ ስታሄልስኪ ራሱ የኪያኑ ሪቭስ ተለዋጭ ሆኖ የወደቀና የተጋጨ ባለሙያ በመሆኑ፣ አካል ሲደክምና ሲቆስል ሳይቆራርጥ ያሳየናል። ከዚያ ያለፈውን ክፍል ሁለት፣ ክፍል ሦስት እያለ የሚቀጥለውን ብዙም አልወደውም። ዕዳው ተከፍሏል።

የማስበው ደግሞ ማንም ያልተገደለበት አንድ እውነተኛ ታሪክ አለ። በቀይ ሽብር ዘመን አዲስ አበባ ውስጥ ተይዛ የተገረፈች እጅጋየሁ ታዬ፣ ከዓመታት በኋላ አሜሪካ አትላንታ ሆቴል ውስጥ አስተናጋጅ ሆና ስትሠራ፣ ያንኑ ያሠቃያትን የከፍተኛ ሊቀመንበር፣ ቀልቤሳ ነገዎን፣ እዚያው ሆቴል ተቀጥሮ የእንግዳ ሻንጣ ሲሸከም አየችው። አንድ ጣሪያ ሥር፣ አንድ ቀጣሪ ዘንድ። ማንኛውም የፊልም ጸሐፊ ከዚህ በኋላ ቢላዋ ይጽፋል፤ ወጥ ቤቱም እዚያው ነው። እሷና ሌሎች ሁለት ኢትዮጵያውያት እ.ኤ.አ. በ1990 ከሰሱት። በ1993 ፍርድ ቤቱ ለሦስቱ 1.5 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ወሰነበት፤ በ2006 ከአሜሪካ ተባርሮ ወደ ኢትዮጵያ ተላከ። ይህን ታሪክ ሳስበው ደሜ የሚሞቀው ልክ "ኪክቦክሰር" ላይ እንደሚሞቀው ነው። ደም ሳይፈስ መሞቁ የምለውን ያረጋግጥልኛል። የበዳዩ ፊት በተበዳዩ ፊት መቆሙ፣ "አንተ ነህ" መባሉ፣ ሌላ ሰው ያንን መስማቱ፤ ተመልካች የሚጠብቀው ይህን ነው።

እውነተኛ ስጋቴ ሌላ ቦታ ነው። ቪዲዮ ቤቶቹ ተዘግተዋል። የሰበታና የቡራዩ ልጅ ዛሬ ፊልም የሚያየው ስልኩ ላይ፣ ተቆርጦ ነው። ከ"ጆን ዊክ" የሚደርሰው ግማሽ ደቂቃ ግድያ ከዘፈን ጋር ነው። ሚስትየዋ የለችም፣ ደብዳቤዋ የለም፣ ቡችላዋ የለችም። ከ"ኪክቦክሰር" የሚደርሰው የመጨረሻው ዱላ ነው፤ ፎጣው የለም። ጥቃቱ ተቆርጦ ተጥሎ ምቱ ብቻ ይቀርባል። በዚህ ላይ ባለፉት ዓመታት በሀገራችን የፈሰሰው እውነተኛ ደም በዚያው ስልክ ይመጣል፤ ልጁ ከፊልሙ ግድያ ወደ እውነተኛው ግድያ በአንድ አውራ ጣት ይሻገራል፣ ሁለቱም ላይ ማን እንደተበደለ፣ የትኛው በር እንደተዘጋ የሚነግረው የለም። ፊልም ልጆችን ያበላሻል የሚሉ ሰዎች ቁጣቸውን እዚህ ላይ ቢያውሉት እደግፋቸዋለሁ። ሙሉው ፊልም ግን ሌላ ነገር ነው። ልጄ "ሾላይ"ን ሦስት ሰዓት ተቀምጦ ቢያይ ደስ ይለኛል፤ ታኩሩን ከሰደበ በኋላ ሲያፍር ማየት እፈልጋለሁ።

ሰበታ ያለ አንድ ወጣት በቅርቡ የጻፈውን ድርሰት አምጥቶ አስነበበኝ። ከጓደኞቹ ጋር በስልክ ካሜራ ሊቀርጸው ነው። የበቀል ፊልም ነው። መጀመሪያው ተኩስ፣ መካከሉ ተኩስ። ጠላቱ ጥቁር መነፅር ያደረገ፣ ስም የሌለው ባለሀብት ነው። እንዲህ አልኩት፦ "አንተ ያደግከው እዚህ ነው። በቀል የሚያስቡ ሰዎችን አይተሃል። ምን ተደርገው ነው?" ብዙም ሳያስብ "መሬት" አለኝ።

እንግዲያ መሬቱን አሳየኝ አልኩት። ሜትር ይዘው የመጡበትን ቀን ጻፍ። ገበሬው የቀያሹን ጫማ ሽምብራው ላይ ሲያይ፣ ምንም ሳይል ቡና ፍሉ ሲል አሳየኝ። በ1997 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 455 ከይዞታው ለዘለቄታው የሚነሳ ገበሬ የማፈናቀያ ካሳ የሚሰላው ያለፉት 5 ዓመታት አማካይ ዓመታዊ ገቢው በ10 ተባዝቶ ነበር፤ አዋጁ በ2011 ተተክቷል፣ ፊልምህ ግን በዚያኛው ዘመን ይሁን። ያንን ማባዛት አንድ ሰው ጮክ ብሎ እያነበበ፣ ገበሬው ስንት ዓመት ሊኖር እንዳሰበ በጣቱ ሲቆጥር አሳየኝ። ወረዳ ሲመላለስ፣ "ነገ ና" ሲባል፣ ሽማግሌ ሲልክ፣ ሽማግሌዎቹ ባዶ እጃቸውን ሲመለሱ አሳየኝ። ከዚያ በኋላ ሽጉጥ ብታስገባም ባታስገባም የአንተ ፋንታ ነው፤ እኔ ከአግዳሚው አልነሳም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ደወለ። ቀያሹንም፣ ቡናውንም፣ ስሌቱንም ጽፏል። ተኩሱን ከሞላ ጎደል አውጥቶታል። የቸገረው ጠላቱ ማን እንደሆነ ነው። ደላላው ነው፣ ጋሼ? የወረዳው ሰው ነው? ወይስ ገበሬው ሳያውቅ የቤተሰቡን መሬት ፈርሞ የሰጠው አጎት ነው?

አጎቱ ነው አልኩት፤ ምክንያቱም ከአጎቱ ጋር በዓል ላይ አንድ ማዕድ ይቀርባል፣ አጎቱ ሲሞት ይቀብረዋል፣ እንዳይገድለውም የሚለምኑት ሽማግሌዎች ሁለቱንም ያሳደጉ ናቸው። ዝም አለ፤ ከዚያ "ሽማግሌዎቹን ማን ይጫወታቸዋል?" ብሎ ጠየቀኝ። አሁን ያንን እየፈለግን ነው።